ኪቡጽ ምንድን ነው? ኪሱ የማን እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹን አወቃችሁ

ከኦክቶበር 7 2023 ጥቃት ወዲህ በኤሪ፣ ክፋር አዛ፣ ኒር ኦዝ የሚሉ ስሞች በየዜናው ሲጠሩ ከፊታቸው ሁሌ "ኪቡጽ" የሚል ቃል ነበር፣ ግን ኪቡጽ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳ ብዙም የለም። ስለዚህ ሰዉ የየራሱን ግምት ይዟል። አንዱ የወታደር ካምፕ ነው ይላል፣ ሌላው የአይሁዶች ገዳም ነገር ይመስለዋል፣ ሌላው ደግሞ ዌስት ባንክ ላይ ካሉት የሰፈራ መንደሮች ጋር ይቀላቅለዋል። ካምፕም ገዳምም አይደለም፣ አብዛኞቹም ያሉት ከ1967ቱ ጦርነት በፊት በነበረው የእስራኤል ወሰን ውስጥ ነው። ጎላን ላይና ዮርዳኖስ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ጥቂቶች አሉ፣ የነሱ ጉዳይ ለብቻው ነው።

ደግሞ ከኛ ሰው ስንቱ ሳያውቀው ኪቡጽ ረግጧል። ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄዶ ወደ ገሊላ የወጣ ሰው፣ ያርደኒት የሚባለው ቦታ ነጭ ለብሶ ዮርዳኖስ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ቦታ ከ1981 ጀምሮ ከፍቶ የሚያስተዳድረው ኪኔሬት የሚባለው ኪቡጽ ነው። ጥብርያዶስ ባህር ዳር ኤን ጌቭ ላይ ዓሣ የበላም ከሆነ ሬስቶራንቱ የኪቡጽ ነው። (በነገራችን ላይ ጌታ የተጠመቀበት ነው ተብሎ በትውፊት የሚታወቀው ያርደኒት ሳይሆን ኢያሪኮ አጠገብ ያለው ቃስር ኤል ያሁድ ነው፣ የኛም ቤተክርስቲያን ጥምቀትን የምታከብረው እዛ ነው፣ አስጎብኚዎች ይሄን ሁሌ አይናገሩም።)

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እሺ፣ ባጭሩ ኪቡጽ ምንድን ነው?

አባላቱ ወደው የሚገቡበት፣ ንብረቱን በጋራ ይዘው በጋራ የሚያስተዳድሩት መንደር ነው። በህግ ፊት የህብረት ሥራ ማህበር ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ 270 ያህል አሉ፣ ትንንሾቹ መቶ ምናምን ሰው ነው ያላቸው፣ እንደ ማጋን ሚካኤል ያሉት ትልልቆቹ ወደ 2,000 ይጠጋሉ። ሁሉም ተደምረው ከአገሪቱ ህዝብ 3 በመቶ አይሞሉም።

ነገሩን ለመረዳት ሌላ ሌላውን ተዉትና ኪሱን ተመልከቱ። አንድ ቤት አስቡ፣ ትልቁ ልጅ ሹፌር ነው፣ እህቱ ነርስ ናት፣ ትንሹ ተማሪ ነው፣ አያት አልጋ ላይ ናቸው። ያገኘ ሁሉ ያገኘውን ለእናት ይሰጣል፣ እናት ደግሞ ማን ጫማ ማን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው አይታ ታካፍላለች፣ ምሳ ሲቀርብ ማን ስንት አመጣ ተብሎ እንጀራ አይቆረስም። ድሮ ኪቡጽ የሠራው ይሄንኑ ነው፣ ልዩነቱ ሰዎቹ ዘመዳሞች አይደሉም፣ ቁጥራቸውም 300 ወይ 500 ነው፣ በእናት ቦታ ያለው ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ እጅ አውጥተው በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና ሰሃን አጣቢው የሚደርሳቸው እኩል ነው። ልጅ ያለው ትንሽ ይጨመርለታል፣ ሥራው ከበድ ስላለ ግን የሚጨመር የለም።

ሞሻቭ ከሚባለው ጋር አታምታቱት። ሞሻቭ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ እርሻና የራሱ ኪስ አለው፣ አንድ የሚሆኑት ሲሸጡና ሲገዙ ነው።

ማን ጀመረው፣ ለምንስ እንዲህ መኖር አስፈለገ?

የመጀመሪያው ዴጋኒያ ነው፣ በ1910። 10 ወንዶችና 2 ሴቶች፣ ከሩሲያ ግዛት የመጡ ወጣቶች፣ ዮርዳኖስ ከጥብርያዶስ ባህር በሚወጣበት ቦታ ላይ ሰፈሩ። አገሩ ያኔ በቱርክ ኦቶማን ሥር ነው። መሬቱን የገዛው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ነበር። ከዛ በፊት እዛው አካባቢ በነበረ እርሻ ሠራተኞችና ሥራ አስኪያጁ ተጣልተው ነበር፣ ወጣቶቹ ያሉት እንግዲህ አለቃ ይቅርብን፣ መሬቱን ስጡንና ራሳችን እንሞክረው ነው።

ብዙ ሰው ኪቡጽን ሲያስብ መጽሐፍ አንብቦ ሶሻሊዝምን ለመሞከር የወጣ ወጣት ነው የሚታየው። እሱም አለበት፣ ሰዎቹ እውነትም ሶሻሊስትም ጽዮናዊም ነበሩ (ጽዮናዊነት ማለት አይሁዶች በጥንቱ አገራቸው የራሳቸው መንግሥት ይኑራቸው የሚለው እንቅስቃሴ ነው)። ግን ችግርም ነበር ያሰባሰባቸው። ወባ አለ፣ ገንዘብ የለም፣ አብዛኛው ከከተማ የመጣ ስለሆነ ማረስ አያውቅም፣ ሌሊት ጥበቃ ያስፈልጋል። ለብቻው አንድ በሬና አንድ ጎጆ ይዞ የሚወጣ ሰው ወይ ይታመማል ወይ ይከስራል፣ አንድ ላይ ከሆኑ ግን ሦስቱ ቢታመሙ ዘጠኙ ያርሳል።

ቁጥራቸው ትንሽ ሆኖ አገሪቱ ላይ ያሳረፉት አሻራ ትልቅ ነው። በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሞሼ ዳያን በ1915 ዴጋኒያ ተወለደ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ጎልዳ ሜየር በ1921 ከአሜሪካ ስትመጣ የገባችው መርሃቪያ የሚባል ኪቡጽ ነው፣ ዶሮ እርባታ ላይ ሠርታለች። የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን በ1953 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲለቅ ኔጌቭ በረሃ ስዴ ቦኬር ገብቶ ኖረ። ድንበር ላይ መንደር መመሥረት ደግሞ ሆን ተብሎ የተሠራበት ነገር ነው፣ በኤሪ ለምሳሌ በኦክቶበር 1946 በአንድ ሌሊት ኔጌቭ ውስጥ ከተተከሉት 11 መንደሮች አንዱ ነው። ድንበር ዳር የበዙት ለዚህ ነው፣ ጥቃት ሲመጣም ቀድሞ የሚያገኛቸው ለዚህ ነው።

የድሮው ኑሮ ምን ይመስል ነበር?

ማታ መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ የነገ የሥራ ድልድል ይለጠፋል፣ አንተ ላም ማለብ፣ አንቺ ወጥ ቤት፣ እሱ ብርቱካን ለቀማ። ሦስቱንም ጊዜ የሚበላው እዛው አዳራሽ ነው። ልብስ በጋራ ልብስ ማጠቢያ ይታጠባል፣ እንዳይጠፋ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ቁጥር ተጽፎበታል። ደሞዝ የለም፣ ቤት፣ ምግብ፣ ህክምና፣ ትምህርት ከኪቡጹ ነው፣ ለሲጋራና ለመሳሰለው ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ መማር የፈለገ ጉባኤውን አስፈቅዶ ነው፣ ጉባኤውም የምንፈልገው አግሮኖሚስት ነው፣ ፍልስፍናውን ተወው ሊለው ይችላል።

ትንሽ የሚመስል ነገር ሁሉ ጉባኤ ላይ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ የራሱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ማታ አዳራሽ አይመጣም፣ ሰው አዳራሽ ካልመጣ ደግሞ አንድነታችን ይፈርሳል ተብሎ ተከራክረውበታል። ከሁሉ የከበደው ግን በ1950ዎቹ የመጣው ነው። ከናዚ እልቂት የተረፉ አባላት ከጀርመን ካሳ ሲከፈላቸው ገንዘቡ የማን ነው? በህጉ መሠረት ወደ ጋራ ኪስ መግባት አለበት። ግን ያ ገንዘብ የተከፈለው ስለሞተችው እናቱ ነው፣ ስለተቃጠለው ቤቱ ነው። አንዳንዱ አስረከበ፣ አንዳንዱ ኪቡጹን ለቆ ወጣ። እኔ ስለ ኪቡጽ ካነበብኩት ሁሉ የዚህን ያህል ልቤን የነካው የለም፣ እኩልነት ሰውን የት ድረስ ሊከተለው እንደሚችል እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ልጆቹ ደግሞ በአብዛኞቹ ኪቡጾች ከወላጆቻቸው ጋር አያድሩም ነበር። የህፃናት ቤት የሚባል አለ፣ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ከእኩዮቻቸው ጋር እዛ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ ይተኛሉ፣ ሞግዚቶች ይጠብቋቸዋል፣ ወላጆቻቸውን የሚያገኙት ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ነው። ሀሳቡ እናቶች እኩል እንዲሠሩ፣ ልጅም የሁሉም ልጅ እንዲሆን ነበር። እዛ ያደጉ ሰዎች ዛሬ ሲናገሩ ለሁለት ይከፈላሉ፣ አንዱ እንደዛ ያለ ነፃነትና ጓደኝነት የትም የለም ይላል፣ ሌላው ሌሊት አልቅሼ የሚመጣልኝ አልነበረም ይላል፣ ሁለቱንም ማመን ይቻላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኪቡጾቹ አንድ በአንድ ልጆችን ወደ ወላጆቻቸው ቤት መለሱ፣ በ1990ዎቹ ሙሉ በሙሉ ቀረ። ሴቶች እኩል ይሆናሉ የተባለውም ቢሆን እንደታሰበው አልሆነም፣ ትራክተሩን ወንዱ ያዘው፣ ወጥ ቤቱና ልብስ ማጠቢያው ሴቷ ላይ ቀረ።

የደርግን የአምራቾች ማህበር አያስታውስም?

ታላላቆቻችን ይሄን ሲሰሙ መልባና ወልባ የሚባሉት የደርግ የጋራ እርሻ ማህበራት ትዝ ቢላቸው አልፈርድባቸውም፣ ከላይ ሲያዩት ይመሳሰላል፣ መሬት በጋራ፣ በሬ በጋራ፣ ምርት በጋራ። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ኪቡጽ የሚገባው የፈለገ ነው፣ ያልፈለገ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል (ባዶ እጁን ማለት ይቻላል፣ ግን ይወጣል)፣ አዲስ ሰው ሲመጣም አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ነው የሚቀበሉት። የኛ ገበሬ ግን ድምፁን የጠየቀው አልነበረም፣ በማርች 1990 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅ ገበሬው ማህበሩን አፍርሶ በሬውን ተከፋፍሎ የገባው በሳምንታት ውስጥ ነው። ወደው የገቡበት ኪቡጽ እንኳ ገንዘብ ሲያጣ ምን እንደሆነ ደግሞ እንይ።

ታዲያ ምን ሆኖ ተቀየረ?

ዕዳ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኪቡጾች ለፋብሪካም ለቤት ማስፋፊያም ብዙ ብድር ወሰዱ። እስራኤል ያኔ ኃይለኛ የዋጋ ንረት ላይ ነበረች፣ በ1984 ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፣ እንዲህ ባለ ጊዜ የተበደረ ሰው ዕዳው በራሱ ጊዜ እየቀለለ ይሄድለታል። በጁላይ 1985 መንግሥት ንረቱን በአንድ ጊዜ የሚያቆም ፕሮግራም አወጣ፣ ንረቱ ቆመ፣ ወለዱ ግን ሰማይ ወጣ፣ ዕዳው በያዘው ሰው ላይ ደረቀ። ደግሞ ኪቡጾች አንዱ ለሌላው ዋስ ስለነበሩ አንዱ ሲወድቅ ዋሱንም ይዞት ነው የሚወድቀው። በ1989 ከመንግሥትና ከባንኮች ጋር ስምምነት ተደርጎ ዕዳው በከፊል ተሰርዞ በከፊል ተራዝሞ ነው የተረፉት፣ በ1996 እንደገና ተጨማሪ ስምምነት አስፈልጓል።

ገንዘቡ ሲጠፋ ወጣቱ ወጣ። ጎበዙ ኢንጂነር ቴል አቪቭ ሄዶ ጥሩ ደሞዝ ማግኘት እየቻለ እዚህ ከሁሉ እኩል ለምን ይኑር? አዳራሹ ውስጥ የቀሩት አዛውንቶች ሆኑ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው የጡረታ ቁጠባ እንኳ የሌላቸው፣ ምክንያቱም ጡረታቸው ልጆቹ ናቸው ተብሎ ነበር የታሰበው። ለውጡ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁንስ ኪሱ የማን ነው?

መንግሥት በ2005 ባወጣው ደንብ ሦስት አይነት ኪቡጽ አለ። የመጀመሪያው የጋራው ነው፣ እንደ ድሮው ሁሉም ገቢ ወደ አንድ ኪስ ይገባል፣ ለየቤቱ በጀት ይሰጣል። በኤሪ፣ ማጋን ሚካኤል፣ ሃጼሪም እንደዚህ ናቸው፣ የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ በጋራ የቀሩት ፋብሪካቸው የሚያተርፍላቸው ናቸው፣ ሀብታም ሲሆኑ ማካፈል ይቀላል መሰለኝ። ሁለተኛው የታደሰው የሚባለው ነው፣ ዛሬ ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ ይሄ ነው። አባሉ ደሞዙን ራሱ ይወስዳል፣ የፈለገበት ቦታ ይቀጠራል፣ ከደሞዙ ግን ለመንደሩ ግብር ይከፍላል፣ በዛ ግብር አቅም ያነሰው፣ የታመመውና አዛውንቱ ከተወሰነ ወለል በታች እንዳይወርድ ይደረጋል። ፋብሪካው የጋራ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ትርፍ ሲኖር ይከፋፈላል። የኪቡጾች እናት የምትባለው ዴጋኒያ ራሷ በ2007 በድምፅ ብልጫ ወደዚህ ተዛወረች።

ሦስተኛው የከተማ ኪቡጽ ነው፣ ቤት ሼሜሽ ውስጥ ታሙዝ፣ ስዴሮት ውስጥ ሚግቫን፣ እርሻ የላቸውም፣ አንድ አፓርታማ ሰፈር ውስጥ እየኖሩ ትምህርትና የማህበረሰብ ሥራ ላይ ነው የሚሠሩት።

ከዚህ ሁሉ ሌላ አባል ሳይሆን ኪቡጽ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ፣ ቤት ተከራይቶ ወይም ዳር ላይ በተሠራው አዲስ ሰፈር ቤት ሠርቶ። ልጁ መዋለ ህፃናቱ ይማራል፣ መዋኛውን ይጠቀማል፣ ፋብሪካው ላይ ግን ድርሻ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ኪቡጽ ነው የምኖረው ቢላችሁ ገና ምንም አላወቃችሁም፣ አባል ነህ ወይስ ነዋሪ፣ ኪቡጻችሁስ የጋራ ነው ወይስ የታደሰ ብላችሁ መቀጠል አለባችሁ።

ገንዘቡ የሚመጣው ከእርሻ ነው?

እርሻው አለ፣ ከአገሪቱ የእርሻ ምርት ትልቁን ድርሻ አሁንም የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ ግን ዋናው ገቢ ከፋብሪካ ነው። በጣም የታወቀው ነታፊም ነው። ሲምሃ ብላስ የሚባል የውሃ ኢንጂነር ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ያለ ዛፍ ከሌሎቹ ለምን ገዝፎ እንደበቀለ ሲመራመር ቆይቶ ጠብታ መስኖን ይሠራል፣ በ1965 ሃጼሪም ከሚባለው የኔጌቭ ኪቡጽ ጋር ኩባንያ መሠረቱ። ሃጼሪም አፈሩ ጨው የበዛበት በረሃ ስለሆነ በእርሻ ብቻ መኖር አልቻለም ነበር። በ2018 የነታፊም ትልቁ ድርሻ ለሜክሲኮ ኩባንያ ተሽጧል፣ ኪቡጹ 20 በመቶ ይዞ ቀርቷል። ዛሬ ዝዋይ ያሉት የአበባ እርሻዎች ውስጥ የምታዩት ቀጭን ጥቁር ላስቲክ የዚህ የጠብታ መስኖ ልጅ ነው።

ሌላው ሁሉ የየራሱ አለው፣ ዮትቫታ ከኤላት በላይ በረሃ ውስጥ ሆኖ በወተትና በቸኮሌት ወተቱ አገር ያውቀዋል፣ ላቪ የምኩራብ ወንበር ይሠራል፣ በኤሪ ማተሚያ ቤት አለው።

ድሮ ሰው መቅጠር ነውር ነበር፣ መበዝበዝ ነው ብለው ያምናሉ። ዛሬ እርሻው ላይ የምታገኙት ብዙው ሠራተኛ ከታይላንድ በኮንትራት የመጣ ነው፣ ከኦክቶበር 7 ሟቾችና ታጋቾች መሃል የታይላንድ ሠራተኞች የነበሩትም ለዚህ ነው፣ አሉሚም ኪቡጽ ላይ ደግሞ እርሻ ሊማሩ የመጡ 10 የኔፓል ተማሪዎች ተገድለዋል።

መሬቱስ የማን ነበር?

አብዛኛው የኪቡጽ መሬት የመንግሥት ወይም የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ነው፣ ኪቡጹ በሊዝ ነው የያዘው። ከ1948 በፊት የተመሠረቱት መሬቱ በግዢ የተገኘ ነው፣ አንዳንዴ በከተማ ከሚኖር ባለርስት ሲገዛ እዛ ላይ ሲያርስ የነበረው አረብ ገበሬ ተነስቷል። ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ የተመሠረቱ ወይም የሰፉ በርካታ ኪቡጾች ደግሞ ፍልስጤማውያን ከተፈናቀሉባቸው መንደሮች መሬት ላይ ናቸው። ሰሜን ውስጥ ባርአም የሚባለው ኪቡጽ አጠገብ ክፍር ቢርኢም የሚባል የማሮናይት ክርስቲያኖች መንደር ነበር፣ በ1948 ነዋሪዎቹ እንዲወጡ ተደረገ፣ በ1953 ቤቶቹ ፈረሱ፣ ቤተክርስቲያኑ ግን እስከዛሬ ቆሟል፣ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ገብታችሁ ታዩታላችሁ፣ የመንደሩ ልጆችም ለበዓል ይመጣሉ። ኪቡጽን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ይሄንንም ማወቅ አለበት ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሳሩና አበባው ብቻ ታሪኩን አይናገርም።

የኛ ሰዎችስ ኪቡጽ ውስጥ አሉ?

አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ቤተ እስራኤል በብዛት ያሉት ነታንያ፣ አሽዶድ፣ ረሆቮት፣ ኪሪያት ማላኪ፣ በኤር ሼቫ የመሳሰሉ ከተሞች ነው። አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው፣ የሙሴ ዘመቻ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ሰው ሲያመጣ ኪቡጾቹ ዕዳ ውስጥ ሰምጠው ነበር፣ የሰለሞን ዘመቻ በ1991 ሲመጣም ገና አላገገሙም። ከዛ በተጨማሪ አብዛኞቹ ኪቡጾች ሃይማኖት የማይከተሉ ናቸው፣ የሰንበትን ነገር ጠብቆ ለመጣ ሰው ከብዙ ቤተሰቡ ተለይቶ እዛ መግባት አይታሰብም። ሃይማኖተኛ ኪቡጾች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። የመቀበያ ኮሚቴውም ቢሆን ለማንም አዲስ ገቢ ቀላል አይደለም።

ለጎብኚ ምን አለው?

ብዙ ኪቡጾች ሆቴል ወይም ጺመር የሚባለው የእንግዳ ቤት አላቸው። ፀጥ ያለ ነው፣ መኪና ውስጥ ድረስ አይገባም፣ ሳር፣ ትልልቅ ዛፍ፣ አዛውንቶች በኤሌክትሪክ ጋሪ ሲሄዱ ታያላችሁ። መግቢያው ላይ ቢጫ የብረት በር አለ፣ ማታ ይዘጋል፣ አርፍዳችሁ የምትደርሱ ከሆነ ቀድማችሁ ስልክ ደውሉ።

እኔ ብመርጥ የምመርጣቸውን ልንገራችሁ። ኤን ጌዲ፣ ዳዊት ከሳኦል የሸሸበት ዓይንጋዲ ማለት ነው፣ መንደሩ በሙሉ የዕፅዋት ገነት ውስጥ ነው ያለው፣ ከታች ደግሞ ሙት ባህር በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ እየወረደ መሬቱ እየተደረመሰ ነው፣ ምልክት ካለበት አጥር አትለፉ። ጊኖሳር፣ በ1986 ድርቅ ሆኖ የጥብርያዶስ ባህር ሲሸሽ የኪቡጹ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ ያገኙት የ2,000 ዓመት ጀልባ እዛ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ 8 ሜትር ከምናምን ነው፣ ሐዋርያት ዓሣ ያጠምዱበት የነበረው አይነት ማለት ነው። ሄፍጺባ ውስጥ ደግሞ ቤት አልፋ የሚባለው የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ምኩራብ ወለል አለ፣ በ1928 የመስኖ ቦይ ሲቆፍሩ ነው የተገኘው፣ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል በትንንሽ ድንጋይ የተሳለ፣ በጉም ዛፉ ላይ ተይዞ። አሳሳሉ የልጅ እጅ ይመስላል፣ እኔ ግን ከብዙ የተራቀቀ ሥዕል እሱን እመርጣለሁ። ከዛ አጠገብ ጋን ሃሽሎሻ ዓመት ሙሉ 28 ዲግሪ የሆነ ውሃ አለ፣ ዋኙ። አራቫ በረሃ ከወረዳችሁ ኬቱራ ውስጥ ማሳዳ ከሚባለው ጥንታዊ ምሽግ ከተገኘ 2,000 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ፍሬ በ2005 ተዘርቶ የበቀለ የተምር ዛፍ አለ። በጁላይና ኦገስት ግን አራቫ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ አትሂዱ። ገሊላ በፌብሯሪና ማርች አረንጓዴ ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ ተኝታችሁ ብቻ አትመለሱ። መመገቢያ አዳራሹ ገና የሚሠራ ከሆነ ምሳ እዛ ብሉ፣ ዛሬ በሰሃን ይከፈላል። ፆም ላይ ያለ ሰው አይቸገርም፣ ሰላጣ፣ ሁሙስ፣ ባቄላ፣ ወይራ በሽ ነው። የአይሁድን የምግብ ሕግ በሚጠብቅ አዳራሽ ሥጋና ወተት አብሮ አይቀርብም፣ ከውጭ የያዛችሁትንም ምግብ ይዛችሁ አትግቡ። አንጋፋ አባላት የሚያስጎበኙበት ፕሮግራም ካለ ያዙ፣ ጡረታህ ከየት ነው የሚመጣው፣ ልጆችህ እዚህ ቀርተዋል ወይ፣ ለውጡ ሲመጣ ምን ብለህ ድምፅ ሰጠህ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሳሩ በላይ የምታስታውሱት መልሱን ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶብስና ባቡር በአብዛኛው የለም፣ ዓርብ ጠዋት ካልደረሳችሁ ቅዳሜን ባላችሁበት ነው። ሃይማኖተኛ ኪቡጽ (ላቪ፣ ስዴ ኤሊያሁ፣ ቲራት ጽቪ) ከሆነ በሰንበት ግቢው ውስጥ መኪና አትንዱ፣ ሰው ፊት ስልክ አታውጡ።

ጋዛ ድንበር ያሉት ለብቻቸው ናቸው። በኤሪ ወደ 100 የሚጠጉ ነዋሪዎች ተገድለውበታል፣ ኒር ኦዝ 400 ያህል ሰው የነበረበት ነው፣ ከአራት ሰው አንዱ ወይ ተገድሏል ወይ ታግቷል። እንግዳ መምጣቱ ላይ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አንድ ሀሳብ የላቸውም፣ ሰው መጥቶ ይይልን የሚል አለ፣ ቤቴ ሙዚየም አይደለም የሚልም አለ። ነዋሪ የሚያስጎበኘው ፕሮግራም ከሌለ አትግቡ፣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

ቮለንቲየር ሆኖ መሄድስ ይቻላል?

ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ከመላው ዓለም ከ300,000 በላይ ወጣት ኪቡጽ ሄዶ በነፃ ሠርቷል፣ የአሜሪካው ፖለቲከኛ በርኒ ሳንደርስ ራሱ ከዛ ቀደም ብሎ በ1963 ሻአር ሃአማኪም ነበር። አሁን ቁጥሩ በጣም ቀንሷል፣ ግን አልቀረም። ዕድሜው ከ18 እስከ 30ዎቹ ነው፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ያህል፣ ሥራው ወጥ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ላም ማለብ፣ ተምር ለቀማ፣ ጠዋት በጣም በማለዳ ነው የሚጀመረው። መኝታ፣ ምግብና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። የሚሄዱት በኪቡጾች እንቅስቃሴ የቮለንቲየር ቢሮ በኩል ነው፣ የቮለንቲየር ቪዛና የጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፣ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ለጉብኝትም ቢሆን አዲስ አበባ ካለው የእስራኤል ኤምባሲ ቪዛ ይዞ ነው የሚነሳው። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከመሳፈራችሁ በፊት ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ መሙላት አለባችሁ፣ ክፍያው 25 ሸቀል ነው። የፀጥታውን ሁኔታ ደግሞ ቲኬት ሳትቆርጡ ጠይቁ፣ በተለይ ሊባኖስና ጋዛ ድንበር ላሉት።

እና ደላላ መጥቶ ኪቡጽ ውስጥ ጥሩ ደሞዝ ያለው ሥራ አለ፣ ይሄን ያህል ብር አምጣ ካላችሁ አትክፈሉ። የቮለንቲየር ፕሮግራም ደሞዝ የለውም፣ ቦታውንም የሚሰጠው ቢሮው ወይ ኪቡጹ ራሱ ነው፣ በቀጥታ ጽፋችሁ ጠይቋቸው።